ጋኖቹን ማንም እንዳይነካ የተወሰነበት ቅዳሜ

የዘንዶ ጀልባ በዓል ባለፈ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ በሆንግ ኮንግ ዩን ሎንግ ውስጥ በሚገኘው የሟች አቶ ፑን ካም-ሾይ የአኩሪ አተር ሶስ መጥመቂያ ግቢ የተካሄደ የቤተሰብ ጉባኤ።

የተገኙ፦
1. ወ/ሮ ፑን ላን-ፎንግ፣ የሟች ታላቅ እህት — ሰብሳቢ
2. አቶ ፑን ሲው-ሁንግ፣ የሟች የበኩር ልጅ — አባል
3. አቶ ፑን ሲው-ዪፕ፣ ሁለተኛ ልጅ — አባል
4. ወ/ሮ ፑን ዩክ-ኪው፣ ሴት ልጅ፣ ከአባቷ ጋር ሶስ ስትጠምቅ የኖረች — አባል
5. አቶ ፑን ካም-ሾይ፣ ሟች — በፎቶግራፍ
6. ፑን ዪን-ሎክ፣ የአቶ ሲው-ሁንግ ልጅ፣ ዘንድሮ በሕግ የተመረቀ — ጸሐፊ፣ ያለ ድምፅ

አቶ ሲው-ዪፕ ሟች ለምልዓተ ጉባኤ ይቆጠራሉ ወይ ሲሉ ጠይቀዋል። ሰብሳቢዋ «በገዛ ቤቱ ካልተቆጠረ የት ሊቆጠር ነው?» በማለታቸው ተቆጥረዋል። ምልዓተ ጉባኤውም ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ የውርስ አጣሪ ስለ መምረጥ

ጸሐፊው እንዳስረዳው፣ ሟች ኑዛዜ ስላልተዉ ንብረታቸውን የሚያጣራው ፍርድ ቤት ሥልጣን የሚሰጠው ሰው ነው። ለዚህም ሦስቱም ልጆች እኩል መብት አላቸው። አቶ ሲው-ሁንግ «ሦስቱም?» ብለዋል። ጸሐፊው «ሦስቱም፣ አባባ» ብሏል። አቶ ሲው-ሁንግ ይህን ለመማር ያን ያህል ዓመት ማስፈለጉን እንደሚጠራጠሩ ገልጸዋል።

አቶ ሲው-ሁንግ በቀብሩ ዕለት ከአስከሬኑ ፊት የሚሄደውን የሟች ሰንደቅ የያዙት እሳቸው በመሆናቸውና ሰንደቅ የያዘ ወራሽ መሆኑን መንደሩ ሁሉ ስለሚያውቅ ጉዳዩ እንዲዘጋ ጠይቀዋል። አቶ ሲው-ዪፕ «ወንድም ጋሼ፣ ሰንደቁን ያስያዙህ ረጅም ስለሆንክ ነው» ሲሉ ተቃውመዋል። ወ/ሮ ዩክ-ኪው ዕድል ጠይቃ፣ ወንድሞቿ ሶሱ የሚጠመቅባቸውን ጋኖች ለአንድ ሆቴል የአበባ መትከያነት ሊሸጡ ቃል መግባታቸውን መስማቷን ተናግራለች። «ሶሱ ገና አልደረሰም። የአባዬ የመጨረሻ ጥምቅ ነው። እሱ ተደፍቶ አበባ ሊተከልበት ነው?» ብላለች።

አቶ ሲው-ሁንግ የተዳረች ልጅ የፈሰሰች ውኃ መሆኗን፣ ወደ አባቷ ቤት እንደማትመለስ አስታውሰዋል። ወ/ሮ ዩክ-ኪው «ባሌ ከሞተ ወዲህ የፈሰስኩት እዚሁ ግቢ ነው፤ አንተ መቼ መጥተህ አየኸኝና?» ብላለች። ሰብሳቢዋ ጋንም በጠጠር እንደሚደገፍ ገልጸው፣ ሁሉም ጠጠሩ ማን እንደሆነ በመጠየቁ ለጥቂት ጊዜ ሥርዓት ጠፍቷል።

ሟች ራሳቸው ይጠየቁ ተብሎ የሙታን መልስ የሚታወቅባቸው ሁለቱ የጨረቃ ቅርጽ እንጨቶች በፎቶግራፋቸው ፊት ተጣሉ። ለአቶ ሲው-ሁንግ ሲጣሉ ሁለቱም በጀርባቸው ወደቁ፤ ይህም ሟች ሳቁ እንጂ እሺ አላሉም ማለት ነው። ለአቶ ሲው-ዪፕም ሳቁ። ሰብሳቢዋ ለወ/ሮ ዩክ-ኪው ይጣል ሲሉ፣ ሁለቱ ወንድሞች ሟች ደክሟቸዋል በማለት ባንድ ድምፅ ተቃውመዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ አቶ ሲው-ሁንግ፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ አቶ ሲው-ዪፕ አጣሪ እንዲሆኑ ተወሰነ። ጸሐፊው ፍርድ ቤት በፈረቃ ሥልጣን እንደማይሰጥ አስረድቶ፣ «አንተ ጻፍ» ተብሏል።

አጀንዳ 2፦ ፍርድ ቤት እስኪወስን ድረስ ስለ ጋኖቹ አጠባበቅ

የጋኖቹ ክዳን ፀሐይ ሲወጣ ይነሣል፣ ዝናብ ሲመጣ ይከደናል፤ ውኃ የገባበት ሶስ ይበላሻል። ወ/ሮ ዩክ-ኪው ይህንኑ ሥራዋን እንድትቀጥል ጠይቃለች። አቶ ሲው-ዪፕ ክዳን መንካት ንብረት መንካት ነው፣ ዛሬ ክዳን የነካ ነገ ሁሉንም የኔ ይላል ብለዋል። ጸሐፊው ንብረትን ከብልሽት ማዳን በሕግ አያስጠይቅም ሲል እድሜው ተጠቅሶበታል።

ሥልጣን ያለው አጣሪ እስኪሾም ማንም ሰው ጋንም ሆነ ክዳን እንዳይነካ በሁለት ድምፅ ተወሰነ። ወ/ሮ ዩክ-ኪው ተቃውማለች፤ ሰብሳቢዋና ሟች ድምፀ ተአቅቦ አድርገዋል። ክዳኖቹ በዚያን ሰዓት ተነሥተው ነበር።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

አቶ ሲው-ሁንግ የሆቴሉን ጉዳይ ማንሣት እንደጀመሩ ነጎድጓድ ተሰማ። ሁሉም ወ/ሮ ዩክ-ኪውን አዩ። እሷ እጆቿን አጣጥፋ ተቀምጣ «ቃለ ጉባኤው ይነበብልኝ» አለች። ጸሐፊው አነበበ። የመጀመሪያው ጠብታ ሲወርድ አቶ ሲው-ዪፕ «ኧረ ተነሺ!» አሉ። «ወንድምዬ፣ ሥልጣን የለኝም። ቅዳሜ ያንተ ተራ አይደል?» አለች። ዓይኗ ግን ጋኖቹ ላይ ነበር።

አቶ ሲው-ሁንግ ሳያስፈቅዱ ከስብሰባው ወጡ። በባዶ እግራቸው ከጋን ጋን እየዘለሉ ክዳን ሲከድኑ ታይተዋል፤ በልጅነታቸው ሟች እንዲህ ያሯሯጧቸው እንደነበር ሰብሳቢዋ ለጉባኤው አስረድተዋል። ቀጥሎ አቶ ሲው-ዪፕ፣ ከዚያም ወ/ሮ ዩክ-ኪው ወጡ። ጸሐፊው ወረቀቱን በሸሚዙ ውስጥ ሸሽጎ ተከትሏል። ሳይከደን የቀረ አንድም ጋን የለም።

አባላቱ እንደረጠቡ ተመልሰው ውይይቱ ቀጠለ። አቶ ሲው-ሁንግ «የሶሱ ሽታ ያው የድሮው ነው» ብለዋል።

በመጨረሻም፣ በአጀንዳ 1 እና 2 የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር፣ የሆቴሉም ነገር እንዲቀር፣ ሰኞ ጠዋት ወ/ሮ ዩክ-ኪው የአጣሪነት ሥልጣን ለመጠየቅ ፍርድ ቤት እንድትሄድ፣ ወንድሞቿም መስማማታቸውን በፊርማ እንዲያረጋግጡ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ሰኞ ፀሐይ ከወጣ ክዳኖቹን ማን ያነሣል ተብሎ ሲጠየቅ፣ አቶ ሲው-ሁንግ እጃቸውን አውጥተዋል።

ጉባኤው ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተበትኗል።

ፑን ዪን-ሎክ፣ ጸሐፊ