ከሽንት ቤታችን ሥር የተገኘችው ጎረቤት

ሐረር ጁገል ውስጥ መከበር የፈለገ ሰው ከመሬት በታች ይኑር! ከመሬት በላይ ያለነውንማ... ተዉት፣ ማን አስታውሶን።

የተከራየንበት ግቢ ሽንት ቤት በክረምቱ ዝናብ ሞላና ተደረመሰ። ይህ ሳያንስ አማቴ ከድሬዳዋ ደውለው እሁድ እንደሚመጡ ነገሩን። አማትን ያለ ወንበር መቀበል ይቻላል፤ ያለ ሽንት ቤት ግን... እናንተው ፍረዱኝ። አከራያችንን ሀጂ አብዶሽን ለመንኳቸው፤ "ቆፍር፣ ልጄ" አሉኝ።

ግቢው ጠባብ ስለሆነ ያለችው አንዲት ጥግ ናት። ቆፋሪው ወገቡ ድረስ እንደገባ ዶማው አምልጦት ባዶ ውስጥ ገባ። የሀጂ አያቶች እህል ይቀብሩበት የነበረ፣ ሁሉም የረሳው የማሽላ ጉድጓድ ነው። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም አልኩ። ተቆፍሮ የተቀመጠ ሽንት ቤት ማን ያገኛል?

ደስታዬ የባዮሎጂ አስተማሪው ጎረቤታችን ሳሙኤል ባትሪውን ይዞ እስኪወርድ ድረስ ነበር። መዳፉ ላይ ነጭ፣ እግረ ብዙ፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል ፍጥረት ይዞ ወጣ። እነዚያ ድንጋይ ሲገለበጥ የሚርመሰመሱት፣ ሲነኳቸው የሚጠቀለሉት የሉም? የእነሱ ዘመድ ናት።

"ዓይን የላትም" አለ በአድናቆት። "ጨለማ ውስጥ ለኖረ ዓይን ምን ያደርግለታል? ምናልባት ከዚህ በቀር የትም የለችም። አጥኚ እስኪመጣ እንዳትነኳት።"

"አጥኚው መቼ ይመጣል?"

"እስቲ አፈላልጋለሁ።"

አማቴ እሁድ ይመጣሉ፤ አጥኚው ገና ይፈለጋል! ወደ ሀጂ ሮጥኩ።

"ሀጂ፣ ለአንዲት ትል ብለው አማቴ ፊት ሊያዋርዱኝ ነው?"

"በዲናችን ጎረቤት እስከ አርባ ቤት ነው" አሉ ረጋ ብለው። "ጎረቤት ደግሞ አይፈናቀልም።"

"እሱ እኮ ወደ ጎን ነው፣ ሀጂ።"

"ወደ ታች አይቆጠርም ያለህ ማነው? ወላሂ፣ ግቢው ውስጥ ከአንተ በፊት የገባች ናት።"

ጉድጓዱ ተከደነ። አማቴ መጡ። የውሃ ጣሳቸውን አንጠልጥለው ጎረቤት ለጎረቤት ሲዞሩ ሰነበቱ፤ እኔም በሀፍረት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ተመኘሁ... ከነዋሪዋ ጋር መዳበሌ ነው እንጂ። ለካ ሐረር ውስጥ እንግዳን ሻይ ሳያጠጣ የሚሸኝ የለም፤ ሻዩ ደግሞ አማቴን ወደሚቀጥለው ቤት ይሰዳቸዋል። እንዲህ እንዲህ እያሉ ሰፈሩን አዳረሱት።

በሚሄዱበት ቀን አንገቴን ደፍቼ ይቅርታ ልጠይቅ ቀረብኩ።

"ምን ሆነህ ነው፣ ልጄ?" አሉኝ ጉንጬን እየሳሙ። "የዚህ ሰፈር ሰው እጁ የተፈታ ነው። ሁሉም ሽንት ቤቱን ከፈተልኝ። ከጎረቤቶችህ ገብጋባዋ ያቺ ጉድጓድ ውስጥ ያለችው ብቻ ናት።"