ረሻድ ሁለተኛ ሞተር ሲመርጥ

የሰውን ጠባይ ማወቅ የፈለገ የመጀመሪያ ንብረቱን አይቶ እንዳይፈርድ። የመጀመሪያውን የሚያስገዛው ችግር ነው፤ ችግር ደግሞ ቀለም አያማርጥም። የሰው ልጅ ማንነቱ የሚገለጠው ሁለተኛውን ሲመርጥ ነው። አንድም የሌለው ምስኪን "ምንም ይሁን ብቻ ጎማ ይኑረው" ይላል። አንድ ያለው ግን ዓለም በሙሉ የእሱን ዓይን ለመሙላት የተፈጠረች ይመስለዋል። እንዲህ ያለ ሰው በየሰፈሩ ይገኛል። የእኛው የኮልፌው ረሻድ ይባላል።

ረሻድ ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ ዝቅ ብሎ ምስማር፣ ማጠፊያና የቤት ቀለም ይሸጣል። አንዲት አሮጌ ሞተር አለችው፤ ሰፈሩ "በቅሎዋ" ይላታል። በቅሎዋ የማትጭነው የለም። ቀለም ትጭናለች፣ ቧንቧ ትጭናለች፣ አንድ ጊዜ ለአረፋ በግ ጭና ገብታለች፤ በጉ በጉዞው ከተሳፋሪዎቿ ሁሉ ያነሰ አማርሯል ይባላል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ጥሩነህን ትጭናለች።

ጥሩነህ የረሻድ የግድግዳ ጎረቤት ነው፤ አየር ጤና መጋረጃ ይሰፋል። በወጣትነቱ ጅማ አካባቢ የክትባት ሣጥን በሞተር እያመላለሰ ጭቃውንም ዳገቱንም አሳምሮ ያውቀው ነበር። ሞተሩ ግን የመሥሪያ ቤት ነበረና ሥራው ሲያልቅ ቁልፉን አስረክቦ ወደ አዲስ አበባ መጣ። ከዚያ ወዲህ ከኋላ እንጂ ከፊት ተቀምጦ አያውቅም። ስለ ሞተር በተወራ ቁጥር "እኔ ጅማ እያለሁ" ሳይል ግን አያልፍም። የበቅሎዋ የኋላ ወንበር ሲቀደድ በመጋረጃ ትራፊ ልብስ የሰፋላት እሱ ነው፤ አበባ አበባ ያለበት ጨርቅ።

ታዲያ አንድ ጠዋት ወደ አየር ጤና ሲወርዱ ረሻድ አንገቱን ዘወር አድርጎ ጮኸ።

"ሁለተኛ ሞተር ልገዛ ነው!"

"ለዕቃ?"

"ኧረ ለመዝናናት! እሁድ በማለዳ አስፋልቱ ጭር ሲል፣ ምንም ሳልጭን፣ ዝም ብዬ የምነዳው!"

ጥሩነህ "እግዚአብሔር ይርዳህ" አለ። አፉ ይህን ይበል እንጂ አንጀቱ አሯል። ለመዝናናት! እሱ የሚነዳት አንዲት ሞተር አጥቶ ዕድሜውን የሰው ጀርባ እያየ ሲገፋ፣ ክቡርነታቸው ያለቻቸው ሳታንሳቸው ሌላ ሊጨምሩ ነው፤ ያውም ለምንም ሳይሆን እሁድን ደስ ለማሰኘት። ቀኑን ሙሉ መጋረጃ ሲሰፋ ስፌቱ ሲጣመምበት ዋለ። ማታ ራቱን ገፋ አድርጎ ተነሣ።

"ምነው?" አለችው ባለቤቱ ዘመነች።

"ረሻድ ሁለተኛ ሞተር ሊገዛ ነው።"

"እና አንተ ምን ሆንክ? ቀንተህ ነው?"

"እኔ? በሰው ሞተር?"

"ቀንተሃል" አለችና የተረፈውን ወጥ ከደነች።

እንግዲህ በእኛ ሰፈር ያገለገለ ዕቃ ብቻውን ሄዶ የሚገዛ ሰው የለም። አጣጣይ ይዞ ይሄዳል። አጣጣይ ማለት ዕቃውን ከሻጩ ፊት እንዲያናንቅ የሚወሰድ ወዳጅ ነው። ከንፈሩን ይመጣል፣ ጎማውን በጫማው ጫፍ ነካ ያደርጋል፣ "ለዚህ ነው ከኮልፌ ድረስ የመጣነው?" ይላል። የሻጩ ወኔ ሲሟሽሽ ገዢውን ጥግ ይዞ እውነቱን ይነግረዋል። ሕጉ ይኸው ነው፦ ከሻጭ ፊት ውሸት፣ ከጥግ እውነት። ረሻድም ከጥሩነህ የተሻለ አጣጣይ ከየት ያመጣል? ጅማን ያየ ሰው ነው፣ ጠማማ ስፌት ከሩቅ ይለያል፣ ላይ ታች የሚልለት ወዳጁም ነው። ከጥግም ውሸት እንደሚጠብቀው በምን ይወቅ!

የመጀመሪያው ሞተር እዚያው አየር ጤና ነበር። ባለቤቱ ኢዮስያስ የሚባል ጎረምሳ ነው፤ ሞተሩ ሰማያዊ፣ ወገቡ ቀጠን ያለ፣ ሲነሣ ድምፁ ደረት የሚያንቀጠቅጥ። ጥሩነህ አየው። ዓይኑ ሊነቀል አልቻለም። ረሻድ በዚህ ላይ ተቀምጦ በማዞሪያው ሲዞር፣ የሱቁ ደንበኛ ሁሉ ሲያጨበጭብ፣ እሱ ራሱ ታክሲ ተሰልፎ ሲያይ ታየው።

"ፋዘር፣ ይኼ ማለት ፍንዳታ ነው!" አለ ኢዮስያስ።

ጥሩነህ ረሻድን ወደ ጥግ ወሰደው። "ምን አገባኝ፤ ግን ይኼ ሞተር ያስላል።"

"ያስላል?"

"አልሰማኸውም? ጅማ እያለሁ እንዲህ የሚያስል አንድ ነበረ፤ ዳገት ላይ ነው ጥሎኝ የቀረው።"

ረሻድ እውነቱን ነው ብሎ ራሱን ነቀነቀ። "ልክ ነህ፤ ችኮላ ከሸይጣን ነው" አለና በበቅሎዋ ተመለሱ። ጥሩነህ ከኋላ ተቀምጦ በልቡ ዘፈን ቢጤ ቃጣው፤ ዘፋኝ ስላልሆነ መዝሙር አደረገው።

ቀጥሎ ሳንሱሲ ሄዱ። ዳባ የሚባል ጡረተኛ አረንጓዴ ሞተሩን በግቢው ውስጥ ብርድ ልብስ አልብሶ ነው ያቆየው። ብርድ ልብሱ ሲገለጥ ጭረት የለበት፣ ዝገት የለበት። ጥሩነህ ምን ይበል? ዙሪያውን ዞረ፣ ተንበረከከ፣ ተነሣ። "ምን አገባኝ፤ ግን በብርድ ልብስ የኖረ ሞተር የኮልፌን ብርድ አይችልም" አለ። ይህን የሚያምን ሰው ይኖራል ብሎ ራሱም አላሰበም። ረሻድ ግን አመነ። ሦስተኛው ጥቁር ሲሆን ፍጹም ነበር፤ ጥሩነህ ግን ወደ ረሻድ አጭር እግሮች ዓይኑን ጣል አድርጎ "ቀይ መብራት ላይ መሬት ፍለጋ ስትንጠላጠል ሰው ምን ይላል?" አለ። ረሻድ ይህን ሲሰማ ሞተሩን ሁለተኛ አልተመለከተውም።

ክቡርነታቸው ግን ለሚመጣው ሞተር አስቀድመው ተሰናዱ። ሄልሜት ገዙ፤ አዲስ ስለሆነ እንዲለማመዱት ሱቅ ውስጥ እንደ ደፉት ምስማር ይመዝናሉ። የቆዳ ጃኬት ገዙ፤ ሻይ ሲጠጡ ይንጫጫል። ጓንትም ገዙ፤ በጓንት ማጠፊያ ሲያነሡ ማጠፊያው ይወድቃል። ደንበኛ "ሞተሩ መቼ ነው?" ሲላቸው "ችኮላ ከሸይጣን ነው" ይላሉ። ባለቤታቸው ሃፊዛ ደግሞ ከወዲያ "መራጭ ይወድቃል ከምራጭ!" ትላለች።

ይህን ሁሉ ሲያይ ጥሩነህ ቢያስቀውም ቅናቱ አልበረደም። እሁድ ቸርች ፓስተሩ ስለ ቅናት ሲሰብክ አጥብቆ ሰማ። "ይህን ረሻድ ቢሰማ እንዴት በጠቀመው" ብሎ አሰበ። ዘመነች ጎኑን በክርኗ ወጋችው።

ያም ሆኖ በቅሎዋ ላይ ሲቀመጥ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። ፊት ለፊት የማይወራ ነገር ከኋላና ከፊት ተቀምጦ ይወራል፤ ዓይን ለዓይን አይተያዩማ። ጥሩነህ ሥራ ቀዝቅዞበት የነበረ ጊዜ ለዘመነች እንኳ ያልነገራትን ለረሻድ ጀርባ ነግሯል። የረሻድ አባት የሞቱ ሰሞን ደግሞ ረሻድ በሄልሜቱ ውስጥ እያለቀሰ ሲነዳ፣ ጥሩነህ እንዳላየ ሆኖ ከኮልፌ እስከ አየር ጤና ስለ መጋረጃ ጨርቅ ዓይነቶች ሲያብራራ ወርዷል። ሁለቱም ያንን ቀን አንሥተው አያውቁም።

ኢድ ሲቃረብ ሃፊዛ አዲስ መጋረጃ አዘዘች። ጥሩነህ ሰፍቶ አመጣና መሰላል ላይ ወጥቶ ይሰቅል ጀመር።

"ጋሽ ጥሩነህ" አለች ሃፊዛ ከታች መጋረጃውን እያቀበለችው፣ "እባክዎ አንዱን ሞተር እሺ ይበሉለትና እንገላገል። ሁለተኛ ሚስት የሚያገባ ሰው እንኳ እንዲህ አያማርጥም!"

"ምን አገባኝ፤ ግን ችኮላ…"

"አዎ፣ ከሸይጣን ነው። እንዲህ እንዲህ ሲባል በቅሎዋ ለእርስዎ ሳትደርስ አርጅታ ትሞታለች።"

ጥሩነህ እጁ መጋረጃው ላይ ቀረ። "ለእኔ?"

ሃፊዛ አፏን በነጠላዋ ያዘች። "አልነገረዎትም እንዴ? ውይ! አዲሱ ሲገዛ በቅሎዋ የእርስዎ ናት እኮ። 'ብቻዬን ነድቼ ምን ልዝናና ነው፤ እሁድ እሁድ ጥሩነህ ቸርች ሳይገባ በፊት ከጎኔ ካልነዳ' እያለ ነው። ድንገት ቁልፉን ሊሰጥዎ ነበር። እኔ አልነገርኩዎትም፣ እሺ?"

ጥሩነህ "እሺ" አለ። መጋረጃውን ሰቅሎ ወረደ፤ ገልብጦ ነበር የሰቀለው። ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አታውቀው የተባለው እውነት ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ሲያስለውና ሲያበርደው የከረመው የገዛ ራሱን ሞተር ነው! አፈረ፤ ከማፈሩ በላይ ደግሞ ቆጨው።

ለዘመነች ሲነግራት ሳቋ አላስቀምጥ አላት። "ሰው የሚቀናው በሰው ነው፤ አንተ በራስህ ቀናህ!"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥሩነህ እንከን የሚባል ነገር አይታየው ጀመር። ረሻድን እሱ ራሱ እየጎተተ ይወስደዋል። መስታወት የሌለው ሞተር ሲያይ "ወደ ኋላ ምን ያደርግልሃል? ወደፊት ነው እንጂ!" ይላል። ጭስ የሚተፋውን "ጤነኛ ነው፤ ይተነፍሳል" ይላል። የፍሬኑ እግር በሽቦ የታሰረውን እንኳ "ሽቦው ጠንካራ ነው" ብሎ አመሰገነ። ረሻድ ግን ዓይኑ ተከፍቷል። ጆሮውን የጭስ መውጫው ማርሚታ ላይ ያደርግና "ያስላል" ይላል። ወንበሩን ይዳብስና "ብርድ ልብስ ነክቶታል" ይላል።

"አንተ ሰው፣ አንዱን ግዛና እንረፍ!" አለው ጥሩነህ።

"አንተ አይደለህ ዓይኔን የከፈትከው? ባታስተምረኝ እኮ ያንን ሰማያዊ ገዝቼ ጉድ ሆኜ ነበር። አላህ ውለታህን ይክፈልህ።"

ጥሩነህ ጎንበስ ብሎ ጎማ የሚያይ መሰለ።

በመጨረሻ ግን እንከን የማይወጣለት መጣ። አየር ጤና፣ ጋራዦቹ ዘንድ፣ ክብሮም የሚባል ሰው ቀይ ሞተር አቁሟል። ቁመቱ ለረሻድ እግር የተለካ ይመስላል። ቀለሙ ንጹሕ፣ ጎማው አዲስ፣ ሊብሬው በክብሮም ስም። ረሻድ ሦስት ጊዜ ዞረው። ተቀመጠበት፤ ሁለት እግሩ መሬት ረገጠ። ክብሮም ቁልፉን ከኪሱ አወጣና "ላስነሣላችሁ?" አለ።

"አንዴ" አለ ረሻድ። እንደ ደንቡ ጥግ ያዙ።

"እሺ?" አለ ረሻድ። ፊቱ የፈተና ውጤት የሚጠብቅ ተማሪ ይመስል ነበር። "አንተ ግዛው ካልክ ይኸው እገዛለሁ።"

ጥሩነህ ሊል የመጣው ቃል ምላሱ ላይ ነበር። ግዛው። ይህን ካለ ዛሬውኑ በቅሎዋን ነድቶ ይገባል። ከጅማ በኋላ መሪ ያልጨበጠውን እጁን በላው። ዘወር ብሎ በቅሎዋን አያት። ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች፤ የኋላ ወንበሯ አበባው ደብዝዟል። ማንም የማይቀመጥበት ሆኖ ታየው። ሁለት ሞተር፣ ሁለት ሄልሜት፣ በመካከላቸው ነፋስ። ረሻድ ከፊት በቀዩ ሲከንፍ፣ ጠዋት ጠዋት የሚያወራው ለማን ነው? ያን ሰሞን አንጀቱን ያሳረረው ነገር ተመልሶ መጣበት። እስካሁን የቀናው በረሻድ ነበር። አሁን የቀናው በቀዩ ሞተር ነው።

"ምን አገባኝ" አለ ቀስ ብሎ፣ "ግን ፍሬኑ ሲይዝ ይጮኻል።"

ረሻድ ከሆዱ ድረስ ተነፈሰ። ፊቱ በራ።

"አልሐምዱሊላህ! እኔም ሰምቼዋለሁ። አንተን እየጠበቅኩ ነው እንጂ።"

ክብሮም ቁልፉን በእጁ እንደያዘ አንዴ ወደ እነሱ አንዴ ወደ ሞተሩ አየ። "ኧረ ጌቶቼ፣ ገና መቼ ተነሣ?"

እነሱ ግን በቅሎዋ ላይ ወጥተዋል። ረሻድ ከፊት፣ ጥሩነህ ከኋላ፣ አበባው ላይ። ዋናው መንገድ ላይ ሲደርሱ ረሻድ አንገቱን ዘወር አደረገ።

"ሳንሱሲ ሌላ አንድ አለ ብለውኛል! እሁድ እንየው?"

"እንየው እንጂ!" ጮኸ ጥሩነህ የጓደኛውን ጃኬት ጨበጥ አድርጎ፤ "ግን ረጋ ብለን፤ ችኮላ ከሸይጣን ነው!"