ኳስ ስለ መንደፍ

በቅድሚያ በትክክል ይደመጥልኝ፤ ቃሉ «ባዘቶ» ነው። «ባዛቶ» አይደለም። የወላጆች ቀንም ቅዳሜ ነበር፤ እሁድ ነው የሚላችሁ ሰው ካጋጠማችሁ በቦታው አልነበረም። ታሪክን የሚያበላሸው ትልቁ ውሸት ሳይሆን እንዲህ ያለው ትንሽ ቸልተኝነት ነው፤ ቋንቋንም እንደዚሁ።

በአሜሪካ፣ በፌርፋክስ ጎዳና፣ ከአንድ ምግብ ቤት በላይ ባለች ክፍል፣ እዚህ ለተወለዱ ልጆች አማርኛ አስተምራለሁ። ከፓልምስ ሰፈር የምትመጣው የአሥራ ሁለት ዓመቷ ሜሮን በወላጆች ቀን የምታነበውን ስለ ራሷ ጽፋ አመጣች። አባቷ ከታክሲ ሥራው ቀርቶ ሊሰማት ቃል ገብቶላታል። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይህ ነው፦ «እኔ ባዘቶ ላይ ጎበዝ ነኝ።»

ባዘቶ ለመፈተል የተዘጋጀ ጥጥ መሆኑን አንባቢ ያውቃል። ልጅቱ ግን ቤዝቦል እንጂ እንዝርት አታውቅም። ኳስን በዱላ መምታት በእንግሊዝኛ «ባቲንግ» ይባላል፤ እንዲህ ያለው ጥጥም «ባቲንግ» ነው፤ በስልኳ ወደ አማርኛ ስታስተረጉመው፣ ስልኩ ከሁለቱ ጥጡን መረጠላት።

ካላረምሽው አታነቢም አልኳት።

እሷ እቴ! ጥጡም ድሮ በዱላ ይመታ ስለነበር ነው አንድ ስም ያላቸው ብላ የእንግሊዝኛውን ቃል አመጣጥ ከስልኳ አስነበበችኝ። የኛም ቋንቋ ከዚያ እንደማያንስ ለማሳየት፣ ንብ ትነድፋለች፣ ጥጥ ይነደፋል፣ የቤት ፕላንም ይነደፋል ብዬ በሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ስህተቴ እዚህ ላይ ነው።

«ሶ፣ ጋሼ» አለች፣ «ሁሉም ከተነደፈ ኳሷ ምን አደረገችህ?»

የእንግሊዝኛውን «ሶ»ም፣ በ«ጋሼ» ጀምራ በ«አንተ» መጨረሷንም ለጊዜው አለፍኩት። ጥያቄዋ ግን ትክክል ነበር። «ባዘቶ ላይ» የሚለውን ሰርዤ «ኳስ በመንደፍ» ብዬ በገዛ እጄ፣ በቀይ ቀለም ጻፍኩላት።

ቅዳሜ ዕለት እንዳነበበችው፣ በወጣትነታቸው ፈትለው ያደሩት እትዬ ወርቅነሽ ከፊት ወንበር ዞረው አዩኝ።

«ኳስም መነደፍ ጀመረ? እርስዎም አሜሪካዊ ሆኑ ማለት ነው።»

አዳራሹ ሳቀ። ልጅቱ ወረቀቱን ዝቅ አደረገች፤ አባቷም ጫማውን ማየት ጀመረ። እኔ ተነሣሁ። ንቧን፣ ጥጡን፣ ፕላኑን በቅደም ተከተል አስረዳሁ፤ ኳሷንም ነባር ቃል እንደሆነች ሁሉ አራተኛ አድርጌ ጨመርኩ። ሜሮን ወረቀቱን አነሣችና እስከ መጨረሻው አነበበች።

የሰረዝኩት ቃል ከተማሪዎቼ አፍ ወጥቶ፣ አሁን በፌርፋክስ «ሽማግሌው ባዘቶን ተቀበሉ» እየተባለ ይወራል። ሐሰት ነው። የተቀበልኩት መንደፍን ነው። ባዘቶን አልተቀበልኩም።