ጭሬ ነው እንጂ አልቆፈርኩም

አፈር የነካ እጅ ሁሉ ውሸታም ነው! እናንተም ብትሆኑ ከዚህ አታመልጡም። ራሳችን ስንወስድ «ጫር አደረግን» እንላለን፤ ወዳጃችን ሲወስድ «ቆፈረ» ይሆናል፤ የተጣላነው ጎረቤት ከሆነ ግን... «ቦረቦረው!» መጫር ላዩን መንካት ነው። መቆፈር ወደ ታች መውረድ ነው። መቦርቦር ደግሞ ውስጥ ውስጡን በልቶ ላዩን እንደ ደህና ሰው ማስቀመጥ ነው። ልዩነቱን ጠንቅቄ አውቃለሁ፤ ያዋረደኝም ማወቄ ነው።

እዚህ አዳማ፣ ከባቡር ጣቢያው በላይ፣ ከገለቱ ጋር አጥር እንጋራለን። ከአጥሩ ሥር ቤት የሚለቀለቅበት ነጭ አፈር አለ። ባለፈው ማክሰኞ የምተኛበት ጓዳ ግድግዳ ተሰንጥቆ ሲያዘነብል አየሁ። ሮጬ ብወጣ ገለቱ የልጁን የሠርግ ጎጆ ሊለቀልቅ ዶማውን ይዞ ጉድጓድ ውስጥ ቆሟል።

«አንተ ገለቱ! ቤቴን ቦረቦርከው!»

«ኧረ አዴ፣ እናቴ፣ ጭሬ ነው!»

«ጭሬ? ጉድጓድ አርቀህ አትቆፍር፣ ማን እንደሚገባበት አታውቅም! በሕግ አምላክ!»

የነጠላዬን ጫፍ ከጋቢው ጋር ቋጠርኩት። ደንቡን ታውቃላችሁ፤ ተቆራኝቶ የወጣ ዳኛ ሳያይ አይፈታም፤ «ፍረድ» የተባለ መንገደኛም እምቢ አይልም። አሞሌ ጨው በአህያ የጫኑ ሽማግሌ ነጋዴ ሲያልፉ አስቆምናቸው።

ሽማግሌው የአህያ መንጃ ዱላቸውን የገለቱ ጉድጓድ ውስጥ ከተቱት። እስከ ጉልበት። ደስ አለኝ! ዞር ሲሉ ግን በእኔ በኩል በአሮጌ ቅርጫት የተከደነች ነገር አዩ።

«ይቺስ?»

«እሷማ... ለበዓል ለበዓል ጫር የማደርግባት ናት።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ባቡሩ ሳይመጣ።»

ዱላው ገባ። ክንዳቸው ተከተለ። ጢማቸው አፈር ሲነካ ቀና አሉ። «እማማ፣ ጉድጓድዎ ዞሮ የራስዎን ጓዳ ሥር በልቶታል። ይህን የጫረች ዶሮ ዝሆን ታህላለች!»

ገለቱ በሳቅ ፈነዳ። ተቋጥረናልና እሱ በሳቀ ቁጥር እኔም አብሬው ተንቀጠቀጥኩ።

መከራከር አቅቶኝ አይደለም፤ አፌን ታውቁታላችሁ። ግን ዕድሜ ልኬን «ፍርድ! ፍርድ!» ስል ኖሬ፣ ፍርድ ወደ ደጄ ሲመጣ በጓሮ ልሽሽ? «ይፍረዱ» አልኩ።

«እሱ አንድ ቅርጫት አፈር ይመልስ፣ እርስዎ ሰባት። ሳይሞላ ቋጠሮው እንዳይፈታ።»

እስከ ማታ ተሸከምን። እሱ ሲጎነብስ እኔም ጎንበስ፣ እኔ ሳርፍ እሱም አረፍ።

«አዴ፣ ሽንቴ መጣ።»

«ቻለው! ፍርድ ነው።»

ሲመሽ ገለቱ ከጎጆው ቋሚ ከተረፈው ግንድ አንዱን አምጥቶ ግድግዳዬን ደገፈልኝ። ቆሟል፤ እንደ እኔ ወገቡን ይዞ ነው እንጂ።

ትናንት እየተሽኮረመመ መጣ። «አዴ፣ ሠርጉ ደረሰ፤ ጎጆው አልተለቀለቀም። ትንሽ ልጫር?»

«ጫር፣ ልጄ። ዶማህን ግን ወዲህ በል!»

ዶማውን ከዶማዬ ጋር ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩና ሁለታችንም በጥፍራችን ጫርን። ጎጆው እስከ ግማሽ ነጣ። የቀረውን... ሙሽራዋ ትቻለው!