አጀንዳ ሦስት፦ የአስናቀች ማህፀን

የእኛ አገር ሰው ስለ ሌላ ሰው ገላ ሲሆን ሐኪም ያልሆነ የለም። እስቲ አንድ ቀን ገበያ መሀል ቆማችሁ ራሴን አመመኝ በሉ። ሽንኩርት የምትሸጠዋ አንድ መድኃኒት ታዝላችኋለች፣ ሽንኩርት የሚገዛው ሰውዬ ሌላ ያዝላችኋል፣ ሁለቱ አልስማማ ብለው ሲጨቃጨቁ እናንተ ራስ ምታታችሁን ይዛችሁ ወደ ቤታችሁ ትገባላችሁ። ይህ እንግዲህ ራስ ነው፤ ሁሉም የሚያየው። ችግሩ ከእምብርት በታች የሆነ ዕለት ግን ጉዱ ሌላ ነው። ያን ጊዜ መካሪው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ድምፁን ዝቅ ስላደረገም ምስጢር የጠበቀ ይመስለዋል።

ይህን የምላችሁ ከመሬት ተነስቼ አይደለም። በደርግ ዘመን፣ አሰላ ከተማ ውስጥ፣ የእኔ የአስናቀች ማህፀን የት ራጅ ይነሳ የሚለው ጥያቄ አራት ወር ሙሉ ሰው ሲያነታርክ ከርሟል። ማህፀኑ የእኔ መሆኑን ያስታወሰ ሰው ግን ከአንድ አይበልጥም፤ እሱንም እነግራችኋለሁ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ግብርና መሥሪያ ቤት የዕቃ ግምጃ ቤት ጸሐፊ ከሆነው ከግርማ ጋር ከተጋባን ሰባት ዓመት ሆኖን ነበር፤ ልጅ ግን የለም። በእነዚያ ሰባት ዓመታት የሠፈራችን ሕፃናት ሁሉ የክርስትና ልብስ በእኔ የስፌት መኪና አልፏል። ልጅ እፈልግ ነበር። እንዴት እንደምፈልግ ለማስረዳት ብዙ ማውራት አይሆንልኝም፤ አራስ ጠይቄ ስመለስ ተደግፌው የማለቅስበት አንድ የባሕር ዛፍ አጥር ነበረኝ፣ ያን ካልኳችሁ ይበቃል።

በመጨረሻ ጨክኜ ሆስፒታል ሄድኩ። የመረመረኝ ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር የመጣ ራሰ በራ ሐኪም ነው፤ የምታስተረጉምልኝ ደግሞ ሲስተር ራህማ፣ የኦጎልቾ ልጅ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አማርኛና ኦሮምኛን አጋብታ የምታሳድር ነርስ። ቀለም የመሰለ መድኃኒት በቀጭን ቱቦ ወደ ማህፀን ይገባል፣ ከዚያ ራጅ ይነሳል፣ መንገዱ ተዘግቶ እንደሆነ ይታያል አለችኝ። ግን ቀን አለው። የወር አበባ ከመጣበት ዕለት ተቆጥሮ፣ ደሙ ከቆመ በኋላ እስከ አሥረኛው ቀን ድረስ ብቻ ነው፤ አሥረኛው ካለፈ እስከሚቀጥለው ወር መጠበቅ ነው። እዚህም ይሠራል፣ ናዝሬትም፣ አዲስ አበባም ይሠራል፣ የፈለግሽበት አለችኝና ለሌላ በሽተኛ ተጠርታ ወጣች። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ አንድ ወረቀት ጽፎ ሰጠኝ፣ ይዤ ወደ ቤት መጣሁ።

ቤታችን ውስጥ እንግሊዝኛ የሚያነበው ግርማ ነው። ወረቀቱን ሁለቴ አነበበው፣ «ራጅ ነው» አለ፣ አጥፎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ክርክሩም በዚያው ሰዓት ተጀመረ።

አማቴ እማማ በላይነሽ አብረውን ይኖራሉ። እሳቸው አዲስ አበባ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አሉ። የአሰላ ራጅ ለተሰበረ እግር ነው፤ የዘመዳቸው ልጅ አዲስ አበባ ታይታ መንታ ወልዳለች፤ በቃ። ግርማ ደግሞ ናዝሬት ላይ ድርቅ አለ። ምክንያቱን ብጠይቀው፣ የሆስፒታላችን የራጅ ሠራተኛ የዕድራችን ጸሐፊ ስለሆነ ነው።

«ዕድር ላይ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?» አለኝ።

«የሚታየው የእኔ እኮ ነው» አልኩት።

«እሱ ነው ችግሩ» አለ።

በዚህ መሀል አክስቱ ከበቆጂ ገብስ አስጭነው መጡ። እሳቸው አዲስ አበባንም ናዝሬትንም በአንድ አፍ ጥለው፣ በቆጂ ውስጥ ሆድ የምታሽ ሴት አለች፣ በሦስት ቀን ትጨርሳታለች አሉ። የምትጨርሰው ችግሩን ይሁን እኔን አላብራሩም። አንዱ ሲያነሳ ሌላው ሲጥል፣ እኔ ከመኪናዬ ኋላ ባለው ግድግዳ ላይ በልብስ መቁረጫ ጠመኔ ቀን እቆጥራለሁ። ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር። አሥራ አንደኛው ቀን ላይ እማማ አሸነፉ፤ አዲስ አበባ ተባለ። ወሩ ግን አለፈ።

አዲስ አበባ ለመሄድ ደግሞ በዚያን ጊዜ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። ሄድኩ። ጸሐፊው «ምክንያት?» አለኝ፤ ለሕክምና አልኩት። የምን ሕክምና አለኝ። የሴት አልኩት። ብዕሩን አስቀምጦ ቀና ብሎ አየኝና፣ ይሄማ ለሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው መቅረብ አለበት አለ። ኮሚቴው የሚሰበሰበው በየአሥራ አምስት ቀኑ እሑድ ነው። የእኔ ገላ ደግሞ የቀበሌውን የስብሰባ ፕሮግራም አያውቅም።

በስብሰባው ቀን ተጠርቼ ገባሁ። ጥቁር ሰሌዳው ላይ በትልልቅ ፊደል እንዲህ ተጽፏል፤ አንድ፣ ስለ ስኳር ክፍፍል። ሁለት፣ ስለ ጥበቃ ተራ። ሦስት፣ ስለ ወይዘሮ አስናቀች ማህፀን። አራት፣ ልዩ ልዩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አመሰግናት ነበር። ስኳሩ አንድ ሰዓት ፈጀ፣ ጥበቃው አንድ ሰዓት ፈጀ፣ እኔ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ተራዬን ጠበቅሁ።

ሊቀመንበሩ ተነሳ። የለበሰውን ካኪ የሰፋሁለት እኔ ነኝ፣ የወገቡን ልክ አውቃለሁ፤ በዚያን ቀን እሱም የእኔን ሊያውቅ ተነሳ። ጓዶች አለ፣ የሰፊው ሕዝብ ሆስፒታል እዚሁ አፍንጫችን ሥር እያለ አዲስ አበባ መሮጥ ምን ዓይነት አመለካከት ነው? አንዱ ደገፈው፣ ሌላው ይጣራ አለ፣ የሴቶች ተጠሪዋ ወረፋ ሊበዛ ይችላል ብላ ለእኔ የቆመች መሰላት። ጥግ ላይ የተቀመጡት ሽማግሌው ነጋዴ ሐጂ ቃሲም ብቻ አንገታቸውን ደፍተው ሲሰሙ ቆዩና እጃቸውን አወጡ።

«ይሄ የእኛ ወሬ አይደለም» አሉ። «የልጅቷ ሆድ የልጅቷ ነው። ማኅተሙን ምቱላትና የፈለገችበት ትሂድ፤ እኛም እንፈር።»

የነገርኳችሁ አንድ ሰው እሳቸው ናቸው። በድምፅ ብልጫ ተሸነፉ። ከሆስፒታል ደብዳቤ ይቅረብ ተብሎ ጉዳዩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ። ደብዳቤ አመጣሁ፣ ሊቀመንበሩ መስክ ወጣ፤ ሊቀመንበሩ ተመለሰ፣ ማኅተም ያዡ ጠፋ። በሦስተኛው ወር የይለፍ ወረቀቴ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተመቶበት፣ ለአንድ ሳምንት ብቻ የሚያገለግል ተብሎ እጄ ገባ። ቤቴ ገብቼ ግድግዳዬን አየሁ። አሥራ አምስተኛ ቀኔ ነበር። በመጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ በሩን ዘግቼ እስኪበቃኝ አለቀስኩ።

በዚያው ሳምንት ገበያ ውስጥ አንዲት በዓይን ብቻ የማውቃት ሴት መንገዴ ላይ ቆማ፣ «ተፈቀደልሽ?» አለችኝ። ያኔ ነው የበራልኝ። ናዝሬት የተባለው ሰው እንዳይሰማ አልነበረም? ያልሰማ ካለ እንግዲህ ከተማው ውስጥ በጠና የታመመ ሰው ነው። ታዲያ እኔ ምኔን ልደብቅ ነው አውቶቡስ የምሳፈረው?

በአራተኛው ወር፣ ዘጠነኛው ቀን ላይ፣ የተማሪ ዩኒፎርም እየቆረጥኩ ሳለሁ መቀሱን አስቀመጥኩ። የሐኪሙን ወረቀት ከመሳቢያ አወጣሁ፣ ነጠላዬን ደረብኩ፣ ለማንም ሳልናገር በእግሬ ሆስፒታል ሄድኩ። ሲስተር ራህማ በር ላይ አገኘችኝ። «ኮቱ፣ ነይ፣ ግቢ» አለችኝ፣ «እስካሁን የት ጠፋሽ?» ምን ብዬ ልመልስላት? ስብሰባ ላይ ነበርኩ አልኳት።

ያማል። አያምም የሚሏችሁን አትመኑ። የሆዴን ውስጥ ጠምዝዞ የያዘኝ ነገር ጥርሴን አስነከሰኝ፤ ሲስተር ራህማ እጄን አልለቀቀችም። ግርማ ያን ያህል የፈራው የዕድራችን ጸሐፊ እንደሆነ ዓይኑን ከማሽኑ ሳያነሳ ሥራውን ሠራ፣ እግዜር ይማርሽ አለኝ፣ ወጣ። ሁሉም ነገር ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። አራት ወር የተከራከርንበት ግማሽ ሰዓት።

ሐኪሙ ፊልሙን ብርሃን ላይ አየው። መንገዱ ክፍት ነው፣ ምንም የለብሽም ተባልኩ። ደስታዬን ገና ሳላጣጥም ሐኪሙ ሌላ ነገር ጠየቀ፣ ሲስተር ራህማም ግራ ገብቷት አየችኝ።

«የባልሽ ውጤት የታለ ነው የሚለው።»

«የምን ውጤት?»

ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችና በጣቷ አሳየችኝ። «ሁለት መስመር እኮ ነው አስናቀች። ይሄ ያንቺ ራጅ። ይሄ የሱ ምርመራ።»

ግርማ ለምሳ ሲመጣ ወረቀቱን ሳህኑ አጠገብ አስቀመጥኩለት። እማማም ነበሩ። ሁለተኛውን መስመር አንብብልን አልኩት። አላነበበም። ጎርሶ የነበረውን እንኳ ማላመጥ አቆመ።

«ፈርቼ ነው» አለ።

አራት ወር። ሰሌዳ ላይ ተጽፌ፣ በድምፅ ተሸንፌ፣ ገበያ ላይ ተፈቀደልሽ ወይ ተብዬ፣ እሱ ፈርቶ። ልናገረው ያሰብኩት ሁሉ አንድ ላይ ምላሴ ላይ ተሰለፈ። አንዱም ሳይወጣ እማማ በላይነሽ ብድግ አሉ፣ መስኮቱን ዘጉ፣ በሩንም ዘጉ፣ ተመልሰው ቁጭ አሉና፣ «ይሄ ነገር ከዚች ቤት እንዳይወጣ» አሉ።

የእኔን ማህፀን ከበቆጂ እስከ ዲክሲስ ያስወሩት እኚሁ ሴትዮ ናቸው። ሳቄ አመለጠኝ። ከዚያ የግርማን ፊት አየሁ፤ አመድ መስሏል። አሳዘነኝ። ማዘኔ ደግሞ እንደገና አናደደኝ።

ግርማ ናዝሬት ሄዶ ታየ። የይለፍ ወረቀቱን የሰጠው መሥሪያ ቤቱ ነው፤ ለሥራ ጉዳይ ይላል፣ ጠዋት ጠይቆ ከምሳ በፊት አገኘው። የቆየ ኢንፌክሽን ነው ተብሎ መርፌና ኪኒን ታዘዘለት፣ ጨረሰ፣ በዓመቱ ሴት ልጅ ወለድኩ። ስታለቅስ የሰማሁበትን ሰዓት አልተርክላችሁም፤ እሱ የራሴ ነው።

እማማ ታዲያ ለጠየቀ ሁሉ፣ የአሰላ ራጅ ፈታት እያሉ ይናገራሉ። በዚህ የተነሳ እኔ አዋቂ ሆኜ ቀረሁ። ልብስ ልታሰፋ የመጣች ሴት ጨርቋን ትዘረጋና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ የት ነው ያሠራሽው ትለኛለች። ባለፈው ከዲክሲስ አንዲት ወጣት ሚስት መጣች፤ አሰላ ይሻለኛል አዲስ አበባ፣ እትዬ አስናቀች፣ ይወስኑልኝ አለችኝ። ባሏ ከደጅ ጃንጥላ ይዞ ቆሟል፣ የሴቶች ወሬ ነው ብሎ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሯል። ጠራሁት። ና ግባ፣ አንተንም ይመለከታል አልኩት። ሱሪ ልለካው መስሎት ጃንጥላውን አስቀመጠ፣ ኮቱን አወለቀና ሁለት እጁን ከፍ አድርጎ ቆመልኝ።

ሜትሬን አላነሳሁም። ወንበር ስቤ ከሚስቱ አጠገብ አስቀመጥኩት።