ሁለት ግራም ንፋስ

በመተንፈሱ የተቆጡት ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንግዲያው እኔን እዩኝ!

ጋምቤላ ከተማ፣ ኒውላንድ ሰፈር ውስጥ ጎረቤቴ የሆነው መምህር ተሾመ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነው። ሻዩ ውስጥ እንኳ ስኳር የሚጨምረው መዝኖ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ለሚስቱ ልደት የአጃ ኬክ ሊጋግር፣ እኔንና ባጃጅ ነጂውን ኡመድን ለእርዳታ ጠራን። የጋምቤላን ሙቀት መቼም አልነግራችሁም፤ ቅቤው ከሱቅ ቤት እስኪደርስ ዘይት ሆኗል።

አጃው ሚዛን ላይ ሲቀመጥ ቁጥሩ ተወዛወዘ።

"ቬንትሌተሩን አጥፉ! መስኮቱንም ዝጉ! ንፋሱ ሁለት ግራም ጨመረብኝ!"

ዘጋን።

"መምህር፣ እኛም እኮ በሰልን" አለ ኡመድ።

"አትተንፍስ!"

ትንፋሻችንን ውጠን፣ ሦስታችንም ሳህኑ ላይ አጎንብሰን፣ ላባችን ጠብ ጠብ እያለ አጃውም ዱቄቱም ስኳሩም በግራም ተለካ።

ኬኩ አምሮ ወጣ። ባለልደቷ ቀመሰችና ፊቷን አጨማደደች።

"ተሹ፣ ጨው አበዛህበት።"

"ጨውማ ጭራሽ አልገባበትም!" ብሎ የልኬት ደብተሩን ገለጠ።

እሷ ወደ እኛ ዞረች። "እስቲ እናንተ ቅመሱት።"

እኔ በፍስክ ቅዳሜ "ጾም ላይ ነኝ" አልኳት። ፕሮቴስታንቱ ኡመድም ግንባሩን እየጠረገ "እኔም" አለ።