ቻርጅ የሚደረግ ድንጋይ

[ከሰዓት በኋላ። ገና ምንም ያልተተከለበት የአንድ ቤት ጓሮ። ለሁሉም ነገር መልስ ስላለው ሰፈሩ «አዋቂው» የሚለው አባወራ በአንድ እጁ የተዋሰውን ብረት መፈለጊያ ማሽን፣ በሌላው አካፋ ይዟል። የሚስቱ ታናሽ ወንድም፣ ከዝግታው የተነሳ ስሙ «ቀሴ» ሆኖ የቀረው፣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጧል። የሚፈለገው ጠዋት አረም ሲነቀል የጠፋው የአዋቂው የጋብቻ ቀለበት ነው።]

ቀሴ፦ ግማሽ ነው የሚለው፣ ጋሼ።

አዋቂው፦ ሙሉ ነው።

ቀሴ፦ ማሽኑ ላይ ያለው መስመር እኮ ግማሽ ላይ ነው የቆመው።

አዋቂው፦ መስመሩን ተወው! ከቻርጀሩ ላይ አሁን የነቀልኩት ባትሪ ነው። ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ጉልበቱ ከተራው ትንሽ ዝቅ ይላል። ማሽኑ ይሄን ስለማያውቅ ሙሉውን ግማሽ ነው ብሎ ያነበዋል። ገባህ?

ቀሴ፦ ገባኝ። [ያስባል] ግማሽ ሲሆንስ ምን ይላል?

አዋቂው፦ ግማሽ ሲሆን... ባዶ ነው ይላል።

ቀሴ፦ ባዶ ሲሆንስ?

አዋቂው፦ ባዶ አይሆንም! ሙሉ ነው አልኩህ!

ቀሴ፦ እሺ፣ አትቆጣ። እኔማ ድንጋዩ ደክሞ እንዳይሆን ብዬ ነው።

አዋቂው፦ ድንጋይ አይባልም! ባትሪ ነው የሚባለው።

ቀሴ፦ ባትሪማ የሚያበራው ነው። ባትሪው ውስጥ የሚገባው ነው ድንጋይ።

አዋቂው፦ ይሄ ማሽን ታዲያ ያበራል?

ቀሴ፦ አያበራም።

አዋቂው፦ ስለዚህ?

ቀሴ፦ ስለዚህ ድንጋዩ ደክሟል።

አዋቂው፦ [ወደ ሰማይ አንጋጦ] ሰው ስንት ዓይነት አማች ያገኛል፣ እኔ ግን ይሄ ደረሰኝ!

[ማሽኑ «ቲጥ» ይላል።]

አዋቂው፦ ሰማህ? እዚች ጋ ነው! ወርቅ ሲያገኝ ድምፁ እንዲህ ቅጥን ይላል።

ቀሴ፦ [ሊነሳ እየሞከረ] ልቆፍርልህ?

አዋቂው፦ አርፈህ ቁጭ በል! አንተ አካፋ ከያዝክ ቀለበቱን ለሁለት ነው የምትከፍለው። [ማሽኑን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ይቆፍራል፤ ላቡ ይንጠፈጠፋል] ጠልቋል... በጣም ጠልቋል።

ቀሴ፦ ጠዋት የወደቀ ቀለበት በምን ጊዜው ጠለቀ?

አዋቂው፦ ወርቅ ከባድ ነዋ። ይሰምጣል።

ቀሴ፦ ከሆነማ ፈጠን በል፣ ጋሼ። ውሃ ሳይደርስ።

[«ቲጥ።»]

ቀሴ፦ አሁንም ጮኸ። ማሽኑ ግን ግድግዳው ላይ ተደግፎ ነው ያለው።

አዋቂው፦ ግድግዳው ውስጥ ሚስማር አለ።

ቀሴ፦ [ተነስቶ ማሽኑን ወደ ላይ ያነሳዋል። «ቲጥ።»] ሰማዩም ውስጥ ሚስማር አለ?

አዋቂው፦ አውሮፕላን እያለፈ ይሆናላ!

ቀሴ፦ [ዓይኑን በእጁ ከልሎ] እኔ አይታየኝም።

አዋቂው፦ አንተ የማታየውን እንዲያይ አይደል እንዴ ማሽን የሆነው?

ቀሴ፦ ይገርማል! አውሮፕላን ካገኘ ቀለበት እንዴት አቃተው?

[አዋቂው ቀና ብሎ ሰማዩን ያያል።]

አዋቂው፦ ...ቀለበት ትንሽ ነው።

[ማሽኑን ነጥቆት ጥግ ለጥግ ያዞረዋል። «ቲጥ» ባለ ቁጥር ይቆፍራል። ቀሴ ተመልሶ ባልዲው ላይ ይቀመጣል። ጓሮው ጉድጓድ በጉድጓድ ሆኗል።]

አዋቂው፦ እህትህ መቼ ነው የምትመለሰው?

ቀሴ፦ እትዬ? እናታችንን አይታ ጀንበር ሳትጠልቅ ትመጣለች። ጋሼ፣ የመጀመሪያውን ቀለበት የት ነበር የጣልከው?

አዋቂው፦ ዝም በል።

ቀሴ፦ «ሁለተኛውም ከጠፋ ሦስተኛውን አፍንጫህ ላይ ነው የምሰካልህ» ብላህ የለ?

አዋቂው፦ እሱን ለሰው ፊት ነው ያለችው። [አካፋውን ተደግፎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ይሄንን የገዛችልኝ እኮ አምባሯን ሽጣ ነው። አንድ ቃል አልተናገረችም። ዝም ብላ መጥታ ጣቴ ላይ አጠለቀችው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ቀሴ፦ [ከልቡ አዝኖ ይነሳል] እንግዲያው እኔም ልፈልግ።

አዋቂው፦ ቁጭ በል፣ ወንድሜ። ይሄ ሥራ እውቀት ይፈልጋል።

ቀሴ፦ እሺ። [ይቀመጣል] ድንጋዮቹን ግን ከየት አመጣሃቸው?

አዋቂው፦ ሁለቱን ከሪሞቱ፣ አንዱን ከፂም መላጫዬ፣ የቀረውን ከልጁ መጫወቻ መኪና። የመኪናው ትንሽ አርጅቷል እንጂ ሁሉም ቻርጅ ተደርገው ሙሉ ናቸው።

ቀሴ፦ ሰውዬው ማሽኑን ሲያውስህ ድንጋይ አልነበረውም?

አዋቂው፦ ነበረው፤ ተራ ድንጋይ... ይኸው አንተም ድንጋይ ድንጋይ እያልክ አስለመድከኝ! ተራ ባትሪ። አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት። አውጥቼ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት። በዚህ ዘመን እሱን የሚጠቀም አለ?

[ማሽኑን መስኮቱ ሥር አስደግፎ፣ ተጎንብሶ ይቆፍራል። ቀሴ ቀስ ብሎ መስኮቱ ጋ ይሄድና ማሽኑን ከፍቶ ድንጋዮቹን ይቀይራል።]

አዋቂው፦ [ቀና ብሎ] ምን እያደረግክ ነው?

ቀሴ፦ የሰውዬውን ድንጋይ እየመለስኩለት። የሰው ዕቃ እንደተሰጠን ነው የሚመለሰው።

አዋቂው፦ [ጆሮውን ወደ ማሽኑ ያስጠጋል] ዝም አለ! ገደልከው! ቀኑን ሙሉ ሲጮህልኝ የዋለውን ማሽን ገደልከው!

ቀሴ፦ መስመሩ ግን ሙሉ ነው ይላል።

አዋቂው፦ ሙሉ ነው ካለ ዋሽቷል!

ቀሴ፦ ግማሽ ሲል ሙሉ ነው፤ ሙሉ ሲል ውሸቱን ነው። ከባድ ትምህርት ነው ይሄ። [ማሽኑን መሬት ላይ እያዞረ] እስቲ እግርህን አንሳልኝ። እዚህ የለም። እዚያም የለም። ትንሽ ዞር በልልኝ...

[ማሽኑ ከአዋቂው ጀርባ ሲደርስ «ዊዊዊዊዊ!» ብሎ ይጮሃል። አዋቂው ከነአካፋው ይዘላል።]

አዋቂው፦ አንሳው! የቀበቶዬ ዘለበት ነው!

ቀሴ፦ ዘለበትህ ከፊት ነው፣ ጋሼ። ይሄ የኋላ ኪስህ ነው።

አዋቂው፦ የኋላ ኪሴ ውስጥ ጓንት ብቻ ነው ያለው። ጠዋት አረም ስነቅል ስልክ ተደወለና የግራውን መንጭቄ አውልቄ... እዚያ... [ይዘገያል] ከተትኩት።

ቀሴ፦ ቀለበቱስ የየትኛው እጅ ነበር?

አዋቂው፦ [በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ] የግራ።

[ጓንቱን አውጥቶ ያራግፈዋል። ቀለበቱ እግሩ ሥር ጠብ ይላል። አንስቶ በሸሚዙ ይወለውለውና ጣቱ ላይ አጥልቆ በሌላው እጁ ጭብጥ አድርጎ ይይዘዋል።]

አዋቂው፦ ታዲያ ያ ሁሉ «ቲጥ፣ ቲጥ» ምን ነበር?

ቀሴ፦ ድንጋዩ ነዋ። እሱ ደከመኝ ሲል አንተ ትቆፍራለህ።

[የቀሴ ስልክ ይጮሃል።]

ቀሴ፦ [በስልክ] አቤት እትዬ! ... አዎ፣ አልቋል። ... ጥግ እስከ ጥግ፣ በደንብ ተገለባብጧል። ... ኧረ ምንም አልደከመኝም! ... እሱንም? እሺ፣ ችግር የለም። [ስልኩን ይዘጋል]

አዋቂው፦ ምኑ ነው ያለቀው? ስለ ቀለበቱ ነገርካት እንዴ?

ቀሴ፦ ስለ ቀለበቱ እኔ ምን አገባኝ? ስለ ጓሮው ነው። ነገ ችግኝ ልትተክል ስለሆነ ጠዋት ደውላ «መጥተህ ቆፍርልኝ» ብላኝ አይደል የመጣሁት?

አዋቂው፦ [ጉድጓዶቹን፣ ከዚያ የተላጠ መዳፉን፣ ከዚያ ባልዲውን ያያል] እና አንተ እዚያ ተቀምጠህ እኔን...

ቀሴ፦ ስንቴ ልነሳ ስል «ቁጭ በል» አልከኝ እኮ። እኔ ደግሞ ታላቄን አልጋፋም።

አዋቂው፦ አሁንስ ምን አለችህ?

ቀሴ፦ በጣም ደስ ብሏታል። በር ላይ ያለውንም የአበባ መደብ ጨምርልኝ ነው የምትለው። [ማሽኑን ትከሻው ላይ አድርጎ ባልዲውን ያነሳል፤ ወደ በሩ እየሄደ ዞር ይላል] ጋሼ፣ ሌላ የጠፋብህ ነገር የለም?